ሐሳብ ሲጠፋ፦ ለዌብ ዲዛይን መነሻ የማገኝበት መንገድ፣ ደረጃ በደረጃ

«ሐሳቡን ከየት ነው የምታመጣው?»

ይህን ጥያቄ ስንቴ እንደመለስኩት እንጃ። አንዱ በውስጥ መስመር ይጽፍልኛል። ሌላዋ ፊግማ (የዲዛይን መሥሪያ ሶፍትዌር) ላይ ባዶ ፍሬም ከፍታ ስክሪንሾቱን ትልክልኝና ከሥሩ «ከጠዋት ጀምሮ እንዲሁ አፍጥጬበታለሁ» ትላለች። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምተይብ አንዴ በደንብ ጽፌ ላስቀምጠው። ከእንግዲህ የጠየቀኝን ወደዚህ እመራዋለሁ።

እኔም መልሼ የምጠይቃቸው ነገር አለ። ምን እየሠራችሁ ነው? «ዌብሳይት» ይሉኛል። ለማን? ገጹን የከፈተ ሰው ምን አድርጎ እንዲወጣ? እዚህ ላይ ዝም። ሥራው የቆመው እዚያ ነው። ምን እንደሚገዛ ሳይወስን ገበያ የወጣ ሰው ዓይኑ ያረፈበትን ሁሉ ተሸክሞ ይመለሳል፣ የሚያስፈልገው ግን አልተገዛም።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንዝለቅ። የጥርስ ክሊኒክ ዌብሳይት እንድትሠሩ ተጠየቃችሁ እንበል። ደንበኛው የነገራችሁ «ዘመናዊ ይሁን፣ የሚስብ ይሁን» ብቻ ነው። (ሁሉም የሚለው ይህንኑ ነው፣ አትናደዱ።)

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ወረቀትና ወፍራም ማርከር። ቀጭን እስክሪብቶ ሳይታወቃችሁ ወደ ጥቃቅን ነገር ይጎትታችኋል፣ በወፍራም ማርከር ግን ብትፈልጉም ዝርዝር መሳል አትችሉም።
- ሰዓት ቆጣሪ። የስልካችሁ ይበቃል።
- ኮምፒውተርና ብራውዘር። እዚህ የምጠቅሰው ክሮምንና ፋየርፎክስን ነው።
- መሥሪያ ሶፍትዌር። ፊግማ፣ ፔንፖት፣ የለመዳችሁት ማንኛውም ይሆናል።
- ስልክ። ዲዛይኑን የምትፈትሹበት ስለሆነ አዲስና ውድ ባይሆን ይሻላል።
- ለዚህ ሥራ ብቻ የተከፈተ አንድ ፎልደር።
- ግማሽ ቀን። ፋታ ካገኛችሁ ደግሞ አንድ ሌሊት በመሃል ይግባበት።

1. ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

ብራውዘር አትክፈቱ፣ ገና ነው። ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ገጹን የሚከፍተው ማን ነው፣ ሲከፍተው በምን ሁኔታ ላይ ነው፣ ምን ካደረገ ነው ሥራው ተሳካ የሚባለው። ከዚያ ሦስቱን አንድ ጥያቄ አድርጓቸው።

ለክሊኒካችን እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ሌሊት ጥርሱን አሞት እንቅልፍ ያጣ ሰው፣ ስልኩን በአንድ እጁ ይዞ፣ ለነገ ጠዋት ቀጠሮ እስኪይዝ ድረስ ስክሪኑን ስንት ጊዜ ይነካል?»

ይህች ጥያቄ ስንት ነገር እንደወሰነችላችሁ እዩ። ሌሊት ስለሆነ ዓይን የሚወጋ ድፍን ነጭ ገጽ አይመችም። በአንድ እጅ ስለሆነ ዋናው ቁልፍ አውራ ጣት የሚደርስበት ቦታ፣ ማለትም ወደ ታች መሆን አለበት። ሰውየው እያመመው ስለሆነ የክሊኒኩን አመሠራረት የሚያነብበት ትዕግሥት የለውም። አንድም ምሳሌ ሳታዩ ሦስት ውሳኔ እጃችሁ ገባ።

ጥያቄያችሁ ውስጥ «ዘመናዊ»፣ «ቀለል ያለ»፣ «ማራኪ» የሚል ቃል ካለ ሰርዙት። ለየትኛውም ሳይት የሚሆን ቃል ምንም ነገር አይመርጥላችሁም።

2. እውነተኛውን ጽሑፍ አስቀድሙ

የአገልግሎት ዝርዝር፣ የሐኪሞቹ ስም፣ የሥራ ሰዓት፣ ስልክ፣ ፎቶ ካለም ፎቶ ተቀበሉ። ደንበኛው ካዘገየባችሁ ራሳችሁ ረቂቅ ጽፋችሁ «እንዲህ ነው?» ብላችሁ ላኩለት። ባዶ ከመጻፍ የተጻፈ ማረም ይቀላልና ቶሎ ይመልስላችኋል።

ለምን መሰላችሁ? ሎሬም ኢፕሰም፣ ማለትም ቦታ ለመሙላት ብቻ የሚገባው ትርጉም የለሽ ጽሑፍ፣ ልክ እናንተ የፈለጋችሁትን ያህል ይረዝማል። እውነተኛ ጽሑፍ እንዲህ አይታዘዝም። አንዱ አገልግሎት «ጽዳት» ነው፣ ቀጥሎ ያለው ደግሞ «የጥርስ ሥር ሕክምናና ሽፋን»። ሁለቱንም እኩል ሳጥን ውስጥ ልክተት ስትሉ አንዱ ባዶውን ይቀራል፣ አንዱ ሞልቶ ይፈሳል። ይህን አስቀድማችሁ ካወቃችሁ ሳጥን ያማረበትን ሳይሆን ዝርዝር ያማረበትን ምሳሌ ትፈልጋላችሁ። ፎቶም እንደዚያው ነው። ደንበኛው ጥሩ ፎቶ ከሌለው በትልቅ ፎቶ የቆመ ሳይት የቱንም ያህል ቢያምር ለእናንተ አይሆንም።

3. ሰዓት ሞልታችሁ ሰብስቡ

አሁን ብራውዘር ይከፈታል። ቆጣሪውን 40 ደቂቃ ላይ አድርጉ። የምትይዙት 12 ምሳሌ ብቻ ነው፣ እነሱም ከሦስት ቦታ፦

- ከዚያው መስክ 3። የሌሎች ክሊኒኮች ሳይቶች። እዚህ የምትፈልጉት ውበት አይደለም፣ ሰዉ ምን እንደለመደ ነው። ስልክ ቁጥሩ የት ይቀመጣል? የቀጠሮ ቁልፉ ላይ ምን ተጽፏል? ከ3 በላይ አትሂዱ፣ አንድ መስክ ላይ ያሉ ሳይቶች እርስ በርስ ስለሚኮራረጁ አራተኛው አዲስ ነገር አይነግራችሁም።
- ከሌላ መስክ፣ ግን ያው ችግር ካለበት፣ 5። የአውሮፕላን መቀመጫ መምረጫ፣ የሲኒማ ትኬት፣ የሆቴል ክፍል መያዣ። ሁሉም «ይህ ተይዟል፣ ያኛው ክፍት ነው» የሚሉ ገጾች ናቸው፤ የእናንተም ችግር እሱ ነው።
- ከስክሪን ውጪ 4። የመድኃኒት ካርቶን፣ የባቡር ጣቢያ ሰሌዳ፣ የግድግዳ ካላንደር፣ የመጽሐፍ ሽፋን። በስልካችሁ ፎቶ አንሷቸው። የመድኃኒት ካርቶንን ንቃችሁ እንዳታልፉ፦ መጠኑን፣ ስሙንና ማስጠንቀቂያውን በጣት በምታህል ቦታ ላይ ሳያምታታ የሚደረድር ሰው ስለ ሞባይል ስክሪን ብዙ ያስተምራል።

የት ይገኛሉ የሚለው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ሁሉም ቦታ ለሁሉም ነገር አይሆንምና። ዲዛይነሮች ሥራቸውን የሚያሳዩበት ድሪብል ላይ የምታዩት አብዛኛው ነጠላ ምስል ነው። ደንበኛ የሌለው፣ ለማሳያ ብቻ የተሠራ ብዙ አለበት። ለቀለምና ለቅንብር እዩት፣ ለአሠራር ግን አትመኑት፣ ቁልፉን ተጭኖ ያየው ሰው የለም። ቢሃንስ ላይ ደግሞ ብዙዎች ሥራውን ከነሂደቱ ስለሚያስቀምጡ ምስሉን ብቻ ሳይሆን ጽሑፉንም አንብቡ። ለዌብሳይቶች ሽልማት የሚሰጠው አዋርድስ ላይ ያሉት ተከፍተው የሚታዩ እውነተኛ ሳይቶች ናቸው፣ ነገር ግን ብዙዎቹ በእንቅስቃሴ የተጨናነቁና ከባድ ናቸው። ሞቢን በሥራ ላይ ያሉ አፖችን ከመጀመሪያው ስክሪን እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተል ያሳያል፤ ለቀጠሮ ዓይነት ሥራ እሱን የሚተካ አላየሁም፣ ሙሉውን ለማየት ግን ይከፈላል። ፒንተረስት አንዴ የወደዳችሁትን ደጋግሞ የማምጣት አባዜ አለበት፤ አሥር ምስል ካያችሁ በኋላ ሁሉም አንድ ዓይነት መምሰል ከጀመረ ውጡ።

አንድ ብዙ ሰው የማይነካው ቦታ አለ፣ ዌይባክ ማሽን። የድሮ ገጾች የተቀመጡበት ማኅደር ነው። የአንድ ትልቅ የቦታ ማስያዣ ሳይት አድራሻ አስገቡና ከዓመታት በፊት ምን ይመስል እንደነበር ተመልከቱ። ያኔ የነበረ፣ ዛሬ ግን የሌለ ነገር ምንድን ነው? አንድ ቡድን በዓመታት ሥራ ምን እንደጣለ ማየት ምን እንደጨመረ ከማየት ይበልጥብኛል።

ሰዓቱ ሲጮህ አቁሙ። «አንድ ብቻ ልጨምር» የሚለው ነገር ሌሊቱን ይወስደዋል። ደግሞም ምስል በበዛ ቁጥር ፊተኛውን እየረሳችሁ ስለምትሄዱ መጨረሻ ላይ ያያችሁት ብቻ ያሸንፋል።

4. ለእያንዳንዱ «ለምን» ጻፉለት

የፋይሉን ስም ለውጡ። «ስክሪንሾት 47» ብሎ የተቀመጠ ምስል ከአንድ ሳምንት በኋላ ለምን እንዳነሳችሁት አይነግራችሁም። ስሙ ያያችሁትን ውሳኔ ይናገር፦ «የተያዘው ሰዓት ተሰርዞ ሳይሆን ደብዝዞ ይታያል»፣ «ዋጋው ከቁልፉ ውስጥ ገብቷል»፣ «ርዕሱ ትልቅ ስለሆነ ፎቶ አላስፈለገም»።

ለምን እንደወደዳችሁት በአንድ መስመር መጻፍ ያቃታችሁን ምስል አጥፉት። እንዲህ ያለው ምስል ሲታይ ደስ ይላል፣ ለሥራ ግን አይሆንም።

5. ፈታትቱት

ዋናው ይህ ነው። ሰዎች ደረጃ 3 ላይ ሰዓት ይጨርሱና ይህን ይዘሉታል፣ ከዚያ «አየሁ አየሁ፣ ምንም አልመጣልኝም» ይላሉ። ማየትማ አያመጣም። የምትወዱትን ገጽ እንደ ሰዓት ሠሪ ብሎን በብሎን ፈትታችሁ በምን እንደተሠራ ማወቅ አለባችሁ።

ከ12ቱ የበለጠ የማረኳችሁን 3 የተከፈቱ ሳይቶች ምረጡ። ለእያንዳንዱ እንዲህ አድርጉ፦

መጀመሪያ ሙሉ ገጹን አንሱ። ፋየርፎክስ ላይ ገጹን በቀኝ ተጭናችሁ ስክሪንሾት የሚለውን፣ ከዚያ ሙሉ ገጽ አስቀምጥ የሚለውን ምረጡ። ክሮም ላይ የዴቨሎፐር መሣሪያውን በኤፍ 12 ክፈቱ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍትና የፒ (P) ፊደልን አንድ ላይ ተጫኑ፣ በሚመጣው መፈለጊያ ስክሪንሾት ብላችሁ በእንግሊዝኛ ጻፉ፣ ሙሉ መጠን የሚለው አማራጭ ይመጣል።

ሁለተኛ፣ ምስሉን ፊግማ ላይ አስገብታችሁ የቀለሙን ሙሌት እስከ መጨረሻው አውርዱት፣ ሁሉም ግራጫ ይሁን። ከዚያ ከስክሪኑ ራቅ ብላችሁ ዓይናችሁን አጥብቡ። አሁን የሚታያችሁ ምንድን ነው? ሁለት ሦስት ጥቁር ጥፍጥፎች ብቻ ይቀራሉ። ዓይን በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። በሳይቱ ቀለም ተማርካችሁ ከነበረና ቀለሙ ሲወጣ ምንም ካልቀረ፣ የወደዳችሁት ዲዛይኑን ሳይሆን ቀለሙን ነበር። ይህን ማወቅም ጥሩ ነው፣ ቀለሙን ብቻ ውሰዱ።

ሦስተኛ፣ ለኩት። ኤፍ 12 ከፍታችሁ የቀስቱን ምልክት ተጫኑና ገጹ ላይ ያለውን ርዕስ፣ አንቀጽ፣ ቁልፍ በማውስ ንኩት። ክሮም የፎንቱን ስም፣ መጠኑን፣ ቀለሙን፣ ውስጣዊ ክፍተቱን፣ የቀለሙን ንፅፅር ሳይቀር ብቅ አድርጎ ያሳያችኋል። ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ጻፉ፦ ርዕሱ ስንት ፒክስል ነው? አንቀጹስ? በመስመሮች መካከል ያለው ክፍተት ስንት ነው? ከአንዱ ክፍል እስከ ሌላው ስንት ባዶ ቦታ ተትቷል?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይገርመዋል። «ይህ ሳይት ምን እንዳለው አላውቅም ግን ይተነፍሳል» የምትሉት ነገር ስትለኩት ቁጥር ሆኖ ቁጭ ይላል። ክፍተቶቹ 8፣ 16፣ 24፣ 32፣ 48፣ 64 ሆነው ታገኟቸው ይሆናል፣ ሁሉም የ8 ብዜት። የፊደል መጠኖቹ 16፣ 20፣ 25፣ 31 እያሉ ይወጡ ይሆናል፤ ይህ እያንዳንዱን በ1.25 ማባዛት ነው። አብዛኛው «ዓይን ያለው ዲዛይነር» የምንለው ሰው ክፍተቱን በግምት አይጥልም፣ ከያዘው መሰላል ላይ ይመርጣል።

አራተኛ፣ ስበሩት። ያው ቦታ ላይ እያላችሁ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤም ተጫኑና ስፋቱን 360 ፒክስል አድርጉት። በሰፊ ስክሪን ያማረው ገጽ በስልክ ምን ሆነ? ሦስቱ ዓምድ የት ሄደ? ሜኑውስ? ከዚያ ርዕሱን በሁለት እጥፍ ረዘም ባለ ጽሑፍ ተኩት፣ መሣሪያው ገጹ ላይ ያለውን ጽሑፍ መቀየር ይፈቅዳል፣ የሚቀየረው እናንተ ጋ ብቻ ነው። ጽሑፉ ሲረዝም የሚፈርስ ዲዛይን ለእናንተም ይፈርስባችኋል።

6. ቀላቅሉ

አሁን ቁጥርና ማስታወሻ ይዛችኋል። ደንቡ አንድ ነው፦ ከአንድ ምንጭ ከአንድ ውሳኔ በላይ አትውሰዱ። ለክሊኒካችን ለምሳሌ የሰዓት አመራረጡን ከሲኒማ ትኬቱ፣ የጽሑፉን የመጠን መሰላል ከአንድ የጋዜጣ ሳይት፣ የቀለም አጠቃቀሙን (አንድ ደማቅ ቀለም፣ እሱም ለአስፈላጊው ነገር ብቻ) ከመድኃኒት ካርቶኑ፣ የመረጃ ቅደም ተከተሉን ከጣቢያ ሰሌዳው።

ከአንድ ሳይት ሦስት ነገር ከወሰዳችሁ የሁለቱ ሳይቶች ዝምድና ለማንም ይታያል። ከአራት ቦታ አራት ነገር ከወሰዳችሁ ግን እነሱን ለማገናኘት ስትሉ የራሳችሁን ነገር መጨመራችሁ አይቀርም። ጥያቄው የሚመለሰው ደግሞ እዚያ ላይ ነው። ሲኒማው መቀመጫ ነው የሚያሳየው፣ እናንተ ሰዓት። እንዴት ይሆናል? ይኸው፣ ማሰብ ጀመራችሁ።

7. በ8 ደቂቃ 8 ንድፍ

አንድ ወረቀት ሦስት ጊዜ እጠፉት፣ ሲዘረጋ 8 ክፍል ይሆናል። ለእያንዳንዱ ክፍል 1 ደቂቃ። በማርከር፣ ሳጥንና መስመር ብቻ፣ ያንኑ የመጀመሪያ ስክሪን 8 ጊዜ በተለያየ መንገድ ሳሉት። ኮምፒውተሩ ተዘግቶ ይቆይ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስቱ ከዚህ ቀደም ያያችኋቸው ናቸው፣ ምንም ማድረግ አይቻልም። አራተኛና አምስተኛው ላይ ሐሳብ ያልቅና ትናደዳላችሁ። ለማቆም የሚያሰኘው እዚያ ላይ ነው፣ አታቁሙ። ስድስተኛውና ሰባተኛው ብዙ ጊዜ እብድ ነገር ይሆናሉ፣ ግን የእናንተ ናቸው። አንዴ እኔ ስድስተኛው ላይ ሜኑውን ጨርሶ አጠፋሁትና ገጹ አንድ ጥያቄ ብቻ የሚጠይቅ ሆነ፦ «መቼ ይመችዎታል?» የቀረው ሁሉ ከዚያ ወጣ።

በቀጥታ ሶፍትዌር ላይ የሚጀምር ሰው ይህን አያገኝም። ፊግማ ላይ አንድ ሳጥን እንደተሠራ ማዕዘኑን ማዞር፣ ጥላ መጨመር፣ ማስተካከል ይመጣል። ግማሽ ሰዓት የለፋችሁበትን ደግሞ ለመጣል ልብ አይገኝም። የአንድ ደቂቃ ሥዕል ይጣላል።

8. ያለ ቀለም፣ ከጠባቡ ስክሪን ጀምሩ

ከ8ቱ ሁለቱን ምረጡና ፊግማ ላይ በ360 ፒክስል ስፋት፣ በግራጫ ብቻ፣ በደረጃ 2 እውነተኛ ጽሑፍ ሥሩ። ጠባቡን ማስቀደም የሚጠቅመው ቅድሚያ ስለሚያስመርጥ ነው። ሰፊ ስክሪን ሁሉን ነገር ጎን ለጎን ያስቀምጥላችሁና ሳትወስኑ ያሳልፋችኋል። ጠባቡ ላይ ግን አንዱ ከላይ፣ ሌላው ከታች ነው፣ የግድ ትመርጣላችሁ።

ቁልፎቹን በጣት ልክ አድርጉ። አፕል 44፣ ጉግል ደግሞ 48 ይመክራሉ። ዓለም አቀፉ የዌብ ተደራሽነት መመሪያ በ2023 በወጣው እትሙ ያስቀመጠው ዝቅተኛው 24 ፒክስል ነው፣ ግን በዚያ ልክ የተሠራ ቁልፍ ለእውነተኛ አውራ ጣት ጠባብ ነው።

9. ፎንትና ቀለም

እዚህ ደረጃ ላይ ቶሎ ነው የሚያልቀው፣ ምክንያቱም የከበደው አልቋል። የአንቀጽ ጽሑፍ ከ16 ፒክስል አይነስ። ቀለም ሦስት ይበቃል፦ መደብ፣ ጽሑፍ፣ አንድ ማጉያ። የጽሑፍና የመደብ ንፅፅር (ጽሑፉ ከመደቡ ምን ያህል ጎልቶ እንደሚለይ) ቢያንስ 4.5 ለ1 ይሁን፣ ለትልልቅ ርዕስ 3 ለ1 ይበቃል። ዲዛይነሮች የሚወዱት ፈዛዛ ግራጫ፣ #999999፣ በነጭ ላይ 2.85 ገደማ ስለሆነ ይወድቃል። #767676 ላይ ስትደርሱ 4.54 ሆኖ ለጥቂት ያልፋል።

በአማርኛ የምትሠሩ ከሆነ ሁለት ነገር ልብ በሉ። የላቲን ፎንት ብቻ መርጣችሁ ከላካችሁ ብራውዘሩ የግዕዙን ፊደል ስልኩ ላይ ባገኘው ፎንት ይተካዋል፣ ስለዚህ ሰው የሚያየው እናንተ የሠራችሁትን አይሆንም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን የመሰለ ግዕዝ ያለው ፎንት ራሱ ገጹ ላይ ይጫን። ሁለተኛ፣ ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውም፣ የተጋደመውም ብራውዘሩ በግድ ያጋደመው ነው፣ ያስጠላል። በላቲን ሳይት ላይ በትልልቅ ፊደልና በማጋደም የመጣውን ልዩነት እናንተ በመጠንና በውፍረት ማምጣት አለባችሁ። የመስመር ክፍተቱንም ከ1.5 ከፍ፣ እስከ 1.7 ድረስ አድርጉት።

10. ፈትሹት

ንድፉን ስልክ ላይ ክፈቱና ስለ ሥራው ለማያውቅ ሰው ለ5 ሰከንድ ብቻ አሳዩት። መልሳችሁ ያዙትና ጠይቁ፦ ምን ነበር? ምን ማድረግ ይቻላል? «ያምራል» ካላችሁ አላለፋችሁም። «ቀጠሮ መያዣ መሰለኝ» ካላችሁ አልፋችኋል። ከዚያ ወደ ደረጃ 1 ጥያቄ ተመለሱና ስክሪኑን ስንቴ እንደነካችሁ ቁጠሩ።

ማስጠንቀቂያ

⚠ አደራደርን፣ የመጠን መሰላልን፣ ሐሳብን መማር አንድ ነገር ነው። የሰውን ምስል፣ አርማ፣ ጽሑፍ፣ ሥዕል ወይም ኮድ ማንሳት ሌላ ነው። የኋለኛው የባለቤትነት መብት ጉዳይ ስለሆነ ሊያስከስሳችሁ ይችላል፣ የሚከሰሰው ደግሞ እናንተ ብቻ ሳትሆኑ ደንበኛችሁም ነው።

⚠ ፎንት ኮምፒውተራችሁ ላይ ስላለ ብቻ ዌብሳይት ላይ መጫን ይፈቀዳል ማለት አይደለም። ፈቃዱን አንብቡ። ጉግል ፎንትስ ላይ ያሉት አብዛኞቹ በክፍት ፈቃድ የወጡ ናቸው።

⚠ ለደንበኛ የሰበሰባችሁትን 12 ምስል እንዳለ አትላኩ። ከመካከላቸው አንዱን መርጦ «ልክ ይህን ሥራልኝ» ይላችኋል። ማሳየት ካለባችሁ የወሰዳችሁትን ውሳኔ ቆርጣችሁ ከማብራሪያው ጋር አሳዩ።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

የመጀመሪያው የኔው ነው። አንድ ሽልማት ያገኘ ሳይት አየሁና የመጀመሪያውን ስክሪን በሙሉ የሚሞላ ቪዲዮ ለአንድ ደንበኛ አስገባሁ። ቢሮዬ ውስጥ በፈጣን ኢንተርኔት ያብረቀርቃል። ደንበኛው መንገድ ላይ ሆኖ በስልኩ ሲከፍተው ግን ጥቁር ሳጥን ነው የጠበቀው፣ ስልክ ቁጥሩ ከቪዲዮው ሥር ተቀብሮ። ያን ሳይት የሸለሙት ሰዎች ችኩል አልነበሩም፣ የኔ ሰዎች ችኩል ነበሩ። በማግስቱ አወጣሁት።

ሌሎቹ፦

- ከመጀመሪያው ገጽ ውጪ አለማየት። ሁሉም ሰው የሚሰበስበው ዋናውን ገጽ ነው። ሥራው ግን ፎርሙ ላይ፣ የስህተት መልእክቱ ላይ፣ «ለዚህ ቀን ክፍት ሰዓት የለም» የሚለው ገጽ ላይ ነው። ከ12ቱ ቢያንስ 3ቱ እንዲህ ያሉ ይሁኑ።
- ፋሽን ማሳደድ። መስታወት የመሰለ ካርድ፣ ወይን ጠጅ ቀለም ከሰማያዊ ጋር የተዋሃደበት መደብ። አንድ ነገር በሁሉም ቦታ እያያችሁት ከሆነ ዘግይታችኋል።
- ሲሰበስቡ መክረም። ሦስተኛው ቀን ላይ ሆናችሁ አሁንም እያያችሁ ከሆነ ሥራውን እየሸሻችሁት ነው።
- ምስል በሚያመነጭ መሣሪያ «የጥርስ ክሊኒክ ሳይት» ብሎ ማዘዝና ከዚያ መነሳት። የሚወጣው የብዙዎች አማካይ ነው፤ ጥርስ ያለው፣ ሰማያዊ፣ ፈገግ ያለች ሴት ያለችበት። ከዚያ የምትማሩት ነገር ካለ ምን መሥራት እንደሌለባችሁ ነው።

አሁንም እምቢ ካለ

10ሩንም አድርጋችሁ ወረቀቱ ባዶ ከሆነ ከሁለት አንዱን ሞክሩ። አንደኛው መከልከል ነው፦ ያለ ፎቶ ሥሩት፣ ወይም በአንድ የፊደል መጠን ብቻ፣ ወይም ያለ ሜኑ። የለመዳችሁት መንገድ ሲዘጋ እጃችሁ ሌላ ይፈልጋል። ሁለተኛው መጥፎውን መሥራት ነው። ለዚያ ጥርሱን ለሚያመው ሰው ልትሠሩ የምትችሉትን በጣም አስመራሪ ገጽ አውቃችሁ ሳሉ፦ ስልክ ቁጥሩ ተደብቆ፣ ቀጠሮ ለመያዝ 14 ጥያቄ ተጠይቆ፣ ሙዚቃ በራሱ ጊዜ እየጮኸ። ከዚያ እያንዳንዱን ገልብጡት። 14ቱ ጥያቄ ሲገለበጥ 2 ይሆናል፣ ስምና ሰዓት። እሱን ይዛችሁ ወደ ደረጃ 7 ተመለሱ፣ ቆጣሪውን 8 ደቂቃ ላይ አድርጉና ጀምሩ።